ጥያቄ በጅምላ፣ መልስ በችርቻሮ

ሰፈራችን ባለች አንዲት ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የፓርላማውን ውሎ ያሳያል። አንድ ሚኒስትር ቆመው የሥራ ዕድል ስለተፈጠረላቸው ሚሊዮኖች ያብራራሉ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋና፣ ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ አንጋጠጠ። «እኔ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለሁበት?» አለ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

ልጁ በወረዳው ሥራ ፈላጊ ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙን፣ ስልኩንና የትምህርት ደረጃውን ጽፈው ወስደዋል። ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። ወንበሯን ያገኘው በጓደኛው በኩል ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ከሠራው ላይ ግማሹን ለቤቱ ባለቤት ይሰጣል፣ ግማሹን ይዞ ይገባል። ውል የለውም። የጡረታ ቁጥር የለውም። የታመመ ዕለት ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ታዲያ ይህ ልጅ ሥራ አለው ነው የሚባለው የለውም? ወረዳው ከሥራ አጥ መዝገብ ሰርዞት እንደሆነ ሪፖርት ላይ «ተፈጥሮለታል»፤ ካልሰረዘው ደግሞ አሁንም ሥራ ፈት ነው። መቀሱን ይዞ ቆሞ እያየነው!

ይችን ጥያቄ አራት ኪሎ ድረስ የሚያደርስለት ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይመለስለት ነበር? እሱን እያሰላሰልኩ ነው ይህን የጻፍኩት።

የምክር ቤቱን ጥያቄና መልስ የተከታተለ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሚኒስትሩ የስድስት ወር ወይም የዘጠኝ ወር አፈጻጸማቸውን ያነባሉ። ከዚያ እጅ ይወጣል። ጠያቂው በቅድሚያ ተቋሙ ስላከናወነው አኩሪ ተግባር አድናቆቱን ይገልጻል። ቀጥሎ ስለ ዘይት፣ ስለ ሥራ አጥ ተመራቂ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ መርጫው ወረዳ መንገድ አንድ ላይ ያነሳል። ሌላዋ ትከተላለች፣ ሌላው ይከተላል። ጥያቄው ሁሉ በጅምላ ይሰበሰብና ለሚኒስትሩ ይረከባል። ሚኒስትሩ ደግሞ በችርቻሮ ያከፋፍሉታል። የሚመቸው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የማይመቸው መደርደሪያው ሥር ይገፋል። «ይሄኛው አልተመለሰልኝም» ብሎ ደግሞ የሚነሳ ከተገኘም ሰዓቱ ሄዷል፤ ምሳ ደርሷል።

ሕገ መንግሥቱ እኮ በዚህ ረገድ ንፉግ አይደለም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን እየጠራ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 41 መንግሥት የሥራ ዕድል እንዲያሰፋ ያዝዛል። አንቀጽ 90 የማኅበራዊ ዋስትናን ነገር ይጠቅስና «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ልጓም ያገባበታል። ወረቀቱ አለ። ጠያቂው ነው የሳሳው። በ2002ቱ ምርጫ ከተቃዋሚ ወገን ምክር ቤት የገቡት አንድ ሰው፣ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። በ2007 እሳቸውም ቀሩና 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። በሰኔ 2013 ደግሞ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። ጠያቂና ተጠያቂ አንድ ማዕድ ላይ ቆርሰው ሲያበቁ ጥያቄው ከየት ይምጣ? አጎት የእህቱን ልጅ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ያለ ነገር ነው።

ልብ በሉ፣ ሁሉም አባላት ዝም ይላሉ እያልኩ አይደለም። የኑሮ ውድነቱን ጠንከር አድርገው የሚያነሱ አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የኔ ነገር ሌላ ነው። የሥራውን ጥያቄ ለአንዱ ሚኒስትር፣ የገበያውን ለሌላው፣ የጡረታውን ለሦስተኛው፣ ያውም በተለያየ ቀን ይጠይቃሉ። ሠርቶ አዳሪው ግን ሦስት ሰው አይደለም። ሥራ የሚፈልገው፣ በደመወዙ ዘይት የሚገዛውና ሲያረጅ ጡረታ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። ጥያቄዎቹን አንድ ቀን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ቢኖር ሪፖርቶቹ እርስ በርስ ይካሰሱ ነበር።

ከሥራው ልጀምር። የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት በነበረበት ጊዜ እስከ ፈረንጆቹ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን ሥራ ይፈጠራል የሚል ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ኮሚሽኑ በኋላ ወደ ሚኒስቴሩ ተጠቃለለ፤ የሚሊዮኑ ቋንቋ ግን አልተለወጠም። ጥሩ፤ ቁጥሩን እንመነው እንበል። እንግዲያው አንዲት ቀላል ጥያቄ ትጠየቅ። ክቡር ሚኒስትር፣ ሥራ ከተፈጠረላቸው ሰዎች ውስጥ የጡረታ መለያ ቁጥር ያላቸው ስንት ናቸው?

ይቺ ጥያቄ ጥናት አትፈልግም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ከተደነገገ ቆይቷል። ሠራተኛ የቀጠረ ድርጅት ሠራተኛውን ማስመዝገብ አለበት። በአንድ በኩል ተቀጠሩ የተባሉት አሉ፣ በሌላ በኩል የተመዘገቡት አሉ። ሁለቱን ዝርዝር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከተገናኙ እሰየው፣ ሚኒስትሩን እኔ ራሴ አጨበጭብላቸዋለሁ። ካልተገናኙ ደግሞ የተፈጠረው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይታወቃል። የሦስት ወር ኮብልስቶን ይሁን፣ ጉልት ላይ የተዘረጋች የቲማቲም ሸራ ትሁን፣ ወይስ የኛ ፀጉር አስተካካይ ወንበር፣ ይለያል።

የጠፋው ሥራስ? ሪፖርቱ የተፈጠረውን ይደምራል፤ የፈረሰውን ይቀንሳል ወይ? አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል ያስወጣችው ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የልብስ ኩባንያ ከሐዋሳ ፓርክ እንደሚወጣ አስታወቀ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆነው ይኖሩ የነበሩ ልጃገረዶች ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ከዓመቱ ድምር ላይ ተቀነሱ? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቃቸውን የዘጉትስ? እነሱን ያስተናገደ አምድ ካለ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ቢነገረን መልካም ነበር።

ስለ ሐዋሳ ካነሳን አይቀር፣ በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዓለም የልብስ አምራቾች ሁሉ ዝቅተኛው ማለት ነው። ያኔ ባለሥልጣኖቻችን ርካሽ ጉልበት አለን ብለው ባለሀብት ይጠሩ ነበር። የሰውን ልጅ ጉልበት ርካሽ ነው ብሎ ማስታወቂያ መሥራት! የዚያን ጊዜ ፓርላማ ውስጥ «ርካሽ ያላችሁት ማንን ነው?» ያለ ሰው ትዝ አይለኝም።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 1156። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ስንት ጊዜ ጠየቀ! በየዓመቱ ሜይዴይ ሲመጣ ይህ ነገር ይነሳል፣ በየዓመቱ ሜይዴይ ሲያልፍ ያልፋል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን እርከን ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አሳድጓል። ጥሩ አድርጓል፣ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ለግሉ ሠራተኛ ግን ወለል የለውም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ የዘይት ዋጋ የሚኖሩ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አስቡ። አንደኛው የመንግሥት በር ይጠብቃል፣ ሁለተኛው በኤጀንሲ በኩል ተቀጥሮ የባንክ በር ይጠብቃል። የመጀመሪያው ከዚህ በታች አይከፈለውም የሚል ገመድ አለው። የሁለተኛው ገመድ የት ነው ብትሉ፣ ገና እየተፈተለ ነው።

አሁን ወደ ጡረታው እንምጣ፤ እዚህ ላይ የግል ቂምም ስላለኝ ትንሽ እቆያለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያገኘው በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ውስጥ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የራሱን እስኪያገኝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ጠበቀ፤ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ ሌላ አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 653። እሱ ደግሞ ከኃላፊነት ስለሚነሱ የሀገርና የመንግሥት መሪዎች፣ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ የምክር ቤት አባላትና ዳኞች መብትና ጥቅም የሚደነግግ ነው። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? ሕግ አውጪው መጀመሪያ የራሱን ጉርሻ ጎረሰና ከዚያ ወደ ሠራተኛው ሞሰብ ዞረ። ስለ ጡረታ የሚጠየቁት ሚኒስትርና የሚጠይቁት ተመራጭ ሁለቱም የነገ ነገራቸው ተይዞላቸዋል። በኔ ነገር ላይ የሚከራከሩት እንግዲህ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሌለባቸው ሰዎች ናቸው።

የ715ቱ አዋጅ ሲጀምር ከሠራተኛው 5 በመቶ፣ ከአሠሪው 7 በመቶ ይሰበስብ ነበር፤ ቀስ በቀስ 7 እና 11 ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1268 ተተክቷል። በዛሬው ቀመር 5,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 500 ብር ለግብር፣ 350 ብር ለጡረታ ይነሳላታል። 4,150 ይዛ ትገባለች። አሠሪዋ ደግሞ 550 ብር ይጨምርላታል። በስሟ በየወሩ 900 ብር ይቀመጣል ማለት ነው። ይቀመጣል ስል እንግዲህ፣ ከተቀመጠ።

የኔን ልንገራችሁ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ ከተቀጠርኩባቸው ቦታዎች በአንዱ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በየወሩ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ «ጡረታ» የሚል ቅናሽ ነበር፤ አንድም ወር ዘሎ አያውቅም። ወረቀቶቹን እናቴ በፌስታል አስራ አስቀምጣልኛለች፤ እሷ ወረቀት አትጥልም። ከሥራው ከወጣሁ በኋላ የአገልግሎት ዘመኔን ላጣራ ስሄድ የተገኘው የአሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። የቀረው ሦስት ዓመት ከአንድ ወርስ? አሠሪዬ ከኔ ቆርጦ ለማን እንደሰጠው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ሌላ ስም ይዞ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቶቼን አይታ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አሠሪህ ነው የሚያመጣው፣ አንተ አይደለህም» አለችኝ። ቆራጩ ሌባ፣ ከሳሹም እሱ ራሱ እንዲሆን ነው የሚጠበቀው።

ሕጉ እኮ ለዚህ ጥርስ አለው። የጡረታ መዋጮ በወቅቱ ያላስገባ አሠሪ ይቀጣል፤ ከባንክ ሒሳቡ ላይ በቀጥታ እስከማስቆረጥ የሚደርስ ሥልጣን ተሰጥቷል። ታዲያ ጥርስ ያለው ውሻ ካልነከሰ ሌባው ምን አስጨነቀው? ሚኒስትር ተጠይቆ እንዲመልስ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ባለፈው ዓመት ከሠራተኛ ቆርጠው ያላስገቡ ድርጅቶች ስንት ናቸው፣ ስንቱ ተቀጡ፣ ስንቱ ሠራተኛ ገንዘቡ ተመለሰለት? «የማስገንዘብ ሥራ እየተሠራ ነው» መልስ አይደለም። አሠሪዬ ግንዛቤ አላነሰውም። መቶኛውን አሳምሮ ያሰላ ነበር።

ዘመዴ አንዱ ቨርጂኒያ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ኋላ ፓርኪንግ ገባ። አሜሪካኖቹም ለጡረታቸው ከሠራተኛው 6.2፣ ከአሠሪው 6.2 በመቶ ነው የሚወስዱት። ጡረታ ለማግኘት እዚያም አሥር ዓመት ያህል መሥራት ያስፈልጋል፣ እዚህም አሥር ዓመት ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? እሱ ስልኩን ከፍቶ በየትኛው ዓመት ስንት እንደተመዘገበለት ያያል። እኔ ፌስታል ይዤ እሰለፋለሁ።

እንበልና ሁሉም አሠሪ ቅዱስ ሆኖ ገንዘቡን አስገባ። ገንዘቡ ከዚያ የት ይሄዳል? ለረጅም ጊዜ የሄደው ወደ መንግሥት ኪስ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባለውን ዋነኞቹ ገዢዎች የጡረታ ፈንዶቹ ነበሩ። በታኅሣሥ 2012 ጨረታው በገበያ ዋጋ እንዲሆን እስኪወሰን ድረስ የሚታሰበው ወለድ ሦስት በመቶ እንኳን የማይሞላ ነበር። የዋጋ ንረቱ ደግሞ በ2003 መጨረሻ ላይ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ረገብ ያለባቸው ዓመታት አሉ፣ አልክድም፤ በ2014 ግን እንደገና 30ን አልፏል። ሠራተኛው በግድ ቆጥቦ ለመንግሥት አበደረ፤ ተበዳሪው ደግሞ ወለዱን ራሱ ወሰነ። እንዲህ ያለ ብድር በአራጣ አበዳሪ ሰፈር ቢገኝ ተበዳሪው ሁሉ ወደዚያ በጎረፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠበቃ ተነስቶ ሊሞግተኝ ይችላል። «የጡረታ አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ፈንዱ ቢያተርፍም ባያተርፍም ጡረተኛውን አይነካውም» ይለኛል። ስሌቱን አውቀዋለሁ። በ2003ቱ አዋጅ ለአሥር ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ከ70 በመቶ አያልፍም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። እሺ፣ ግን ፈንዱ ከሟሟ ይህን 55 በመቶ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ከነገው ሠራተኛ ነዋ! ከፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድም። እሱ ደግሞ እንዳልነው ያልተመዘገበ ነው። እንግዲህ የሥራው ሚኒስትር ቁጥር ውሸት ከሆነ የጡረታው ፈንድ ነገ ከፋይ የለውም ማለት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄዎቹ አንድ ላይ ይጠየቁ የምለው።

የንግዱ ነገርም እዚሁ ውስጥ አለ። በ2003 ዓ.ም. 1,000 ብር ደመወዝ የነበረው ሰው አዋጁ በጀመረበት ዓመት በስሙ የገባው 12 በመቶ፣ ማለትም በወር 120 ብር ነው። ያኔ ዶላር 17 ብር ገደማ ስለነበር ሰባት ዶላር ያህል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፤ በ2017 120ን ሲሻገር ያች 120 ብር አንድ ዶላር መሙላት አቃታት። ይህን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች ምክንያታቸውን ዘርዝረዋል፤ ጥቁር ገበያው፣ የውጭ ንግዱ፣ ብድሩ። ሊያሳምን ይችላል። ጡረተኛው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የት ላይ ተጻፈ?

ዋጋ ሲንር ደግሞ የንግድ ሚኒስቴር መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ስግብግብ ነጋዴና ሕገወጥ ደላላ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን እየቀያየረ ዛሬ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተብሏል፤ መልሱ ግን አልተቀየረም። በዚያው በ2003 ዓ.ም. ከደርዘን በላይ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ዘይቱም ስኳሩም ከሱቅ ተሰወረ፤ ወራት ሳይቆይ ጣሪያው ከአብዛኛው ላይ ተነሳ። በነሐሴ 2016 ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ እንደገና ሱቅ ማሸግ ተጀመረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ነጋዴው መልአክ ነው አልልም፤ ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ዘይቱን ደብቆ «የለም» ሲለኝ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ያህል ዋጋውን ሲያጣ ዘይት የደበቀው ባለሱቅ ነው ብሎ ለምክር ቤት መመለስ ሰውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። በ2016 ደግሞ የኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ 1001 የአስመጪነቱን፣ የጅምላውንና የችርቻሮውን ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ውድድር ዋጋ ያረግባል ተባለ። ይሁን፣ እናያለን። ግን ያ መመሪያ ሲወጣ ስንት ሱቅ እንደሚዘጋና ስንት ሰው ከሥራ እንደሚወጣ ለሥራ ሚኒስቴሩ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር?

አይቀርብለትም። ምክንያቱም መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ተለያይተዋል። ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባል ሚኒስቴር ነበረ። ሠራተኛው እንኳን ሲጮህ የሚጮህበትን በር ያውቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1263 ሁለቱ ቃላት ተፋቱ። «ሠራተኛው» ሥራና ክህሎት ሆኖ ለወይዘሮ ሙፈሪሃት ካሚል ተሰጠ። «ማኅበራዊ ጉዳዩ» ደግሞ ከሴቶች ጋር ተዳብሎ ሌላ ሚኒስቴር ሆነ። ስም መቀየሩ ብቻ አይደለም የሚያናድደው። «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከሰሌዳው ላይ ጠፋ! ክህሎት አለ፣ ሠራተኛ የለም።

ከሁሉ የሚብስባቸው ደግሞ ጭራሽ ማንም ጥያቄ የማያነሳላቸው ናቸው። የቤት ሠራተኞች። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ አለፋቸው። የ2011ዱም ያንኑ ደግሞ አለፋቸው። የጡረታ አዋጁም ከነጭራሹ ከሽፋኑ አወጣቸው። ደንቡን የሚያወጡት ሚኒስትሮች፣ የሚጠይቁት ተመራጮች፣ ይህን የምጽፈው እኔና ይህን የምታነቡት እናንተ፣ ስንቶቻችን ቤት አንዲት ልጅ አለች? አንድም ቀን «የጡረታ ቁጥር አለሽ ወይ?» ብለናት እናውቃለን? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም ብንል ነው የሚሻለው። እሷ ግን ዝም አላለችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ቤይሩትና ሪያድ ሄደች። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ቦሌ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ሲወርዱ አይተናል። ዓረብ አገር አሥር ዓመት ፎቅ የወለወለች ሴት ስትመለስ የአገልግሎት ዘመኗ በዚህ አገር መዝገብ ዜሮ ነው። የላከችውን ዶላር ባንኩ ተቀብሏል፤ የሄደችበትን ሥራም «የውጭ አገር ሥራ ስምሪት» ብሎ የመዘገበላት መሥሪያ ቤት አለ።

እኔም ብሆን ከነሱ ብዙ አልርቅም። ዛሬ ፍሪላንስ ነኝ፤ በአማርኛችን ነፃ ጋዜጠኛ። ከምን ነፃ እንደሆንኩ ከጠየቃችሁኝ፣ ከደመወዝም ከጡረታም ነፃ ነኝ።

ፀጉሬን ተቆርጬ ስወጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥያቄና መልሱ አልቆ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ልጁ ሂሳቡን ተቀብሎ ግማሹን በአንድ ኪሱ፣ ግማሹን በሌላኛው ከተተ። «ጋሼ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ፣ ጠይቅልኝ እስቲ» አለኝ። ጋሼ ያለኝ ለጢሜ ሽበት ነው። ጠይቄለታለሁ። ማክሰኞ ደግሞ የእናቴን ፌስታል ይዤ ያቺ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፤ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ጎድሎብኛል።